ምጣድ ይታጠባል እንዴ? ከኤሌክትሪክ ምጣዴ ጋር 11 ወር

ይሄን ምጣድ ከገዛሁት 11 ወር ሆነኝ። በሳምንት ሁለቴ እጋግርበታለሁ፣ በአንድ ጊዜ 20፣ አንዳንዴ 25 እንጀራ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የበፊቱን ምጣዴን የገደልኩት ራሴ ነኝ። እንጀራ አርሮበት ነበር፤ እኔም እንደ ድስት ቆጥሬው በሳሙናና በሽቦ ፈትጌ፣ ውሃ ደፍቼ አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ የደረቀ መስሎኝ ሰካሁት። ቷ! ከመሀል እስከ ጠርዝ ተሰነጠቀ። ለካ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ነው፣ ሲግል ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። እናቴ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ምን ነካሽ ልጄ፣ ምጣድ ይታሰሳል እንጂ ይታጠባል እንዴ?»

አዲሱን ስገዛ ሻጩ «የተሟሸ ነው» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት እንጀራዎች አልነሳ ብለው ተቦጫጨቁ። ከዚያ ጎመን ዘር ወቅጬ፣ ምጣዱ በደንብ ሲግል በተንኩበትና እስኪጨስ ድረስ በጨርቅ አሸሁት። ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ ጎረቤት ሁሉ አሳለ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆነ። የዘሩ ዘይት ሲግል የሸክላውን ቀዳዳ ሞልቶ እንደ ቀለም ይደርቃል፣ በሽቦ ሲፈተግ የሚለቀው ደግሞ እሱኑ ነው። ጨርቁ የግድ ጥጥ ይሁን። እኔ አንዴ የልጄን አሮጌ ቲሸርት ተጠቅሜ ቀልጦ ተጣብቆብኛል።

ከዚያ ወዲህ ሸክላውን ውሃ አላስነካሁትም። ፍርፋሪ ከያዘ ሞቅ እያለ ጨው በተን አደርግና በደረቅ ጨርቅ እፈትገዋለሁ፣ ጠርጌ በጎመን ዘር አሰው። አለቀ። እንጀራው እንደ ወረቀት ነው የሚነሳው፣ ዓይኑም ቆንጆ ነው።

ያልወደድኩት አክንባሎውን ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ የሊጡ ኮምጣጣ እንፋሎት ነጠብጣብ አወጣበት። በረኪና ሞከርኩ፣ ጭራሽ ባሰበት! ትንሽ ያስለቀቀልኝ ሎሚ ነው። አሁን ጋግሬ እንደጨረስኩ ሳይቀዘቅዝ አደርቀውና ለብቻው አቆመዋለሁ፤ ምጣዱ ላይ ከደፋሁት ላቡ ወደ ጠርዙ ይወርዳል፣ የብረቱ እግርም አንድ ቦታ ዝጎብኛል።

ሌላው ወጪ ሶኬት ነው። ምጣዱ 3500 ዋት ይላል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር መሆኑ ነው። በአራተኛው ወር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ስነቅለው የሶኬቱ አፍ ቡናማ ሆኗል። ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ከብሬከሩ ለብቻው ወፍራም ሽቦ አስዘረጋሁ። በእርግጥ ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም፣ ግን ስትገዙ ይሄንንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ቀዝቀዝ እያለብኝ ነው፣ እዚያ ጋ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሬዚስታንሱ (ከሸክላው ስር ያለው የሚግለው ሽቦ) ሳይሆን አይቀርም። ባለሙያ ከፍቶ እስኪያየው በዚያ በኩል ሊጡን ሳሳ አድርጌ ነው የማፈሰው።