ቱሉ ዲምቱ ላይ ቢራ ስንት ነው? ከ60 እስከ 280 ብር

ለእህቴ ልጅ ሠርግ ከጀርመን መጥቼ ያረፍኩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ወንድሜ ቤት ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ቦሌ ነው። እኔ ግን ከአዲስ አበባ ዳር ብዙም አልወጣሁም፤ ውሎዬም ምሽቴም በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ መሃል ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ስለነዚህ ሰፈሮች መጠጥ ቤቶች ነው። በተለይ ስለ ቢራ ዋጋ። በዚህ ጉዞ የትም ብንቀመጥ ወሬው ተመልሶ እዚያው ይገባል።

ከግሮሰሪው ልጀምር። ከብሎኮቹ ሥር ያለች፣ ጥቂት ጠረጴዛዎች ያሏት፣ ግማሹ ደንበኛ በረንዳ ላይ የሚቀመጥባት ቤት ናት። ቢራ 80 ብር ነው። ዋጋው በእጅ ተጽፎ ከፍሪጁ በላይ ተለጥፏል። 70 የሚለው ተሰርዞ 80 ተጽፎበታል፣ ከ70 በላይም ሌላ የተሰረዘ ቁጥር አለ። ይህችን ወረቀት ወደድኳት። ዋጋው ጨምሯል፣ ግን ተደብቆ አልጨመረም። አስተናጋጇ ጠርሙሱን አምጥታ ፊታችን ትከፍታለች። ባዶውን አታነሳም፤ ጠረጴዛው ሥር ይደረደርና ሂሳብ ሲመጣ አብረን እንቆጥራለን። ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቢራው በርሜል ውሃ ውስጥ ነበር የተቀመጠው፣ ወረቀቱ ረጥቦ እየተላጠ። ልጅቷ ከመክፈቷ በፊት «ጋሼ፣ እንደ ወትሮው አልቀዘቀዘም፣ ልክፈተው ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ። አገልግሎት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ሽንት ቤቱ ደካማ ነው፣ ውሃውም በጀሪካን ነው፤ ይህ መስተካከል አለበት።

ከዚህ በፊት በ2011 ስመጣ እንዲህ ዓይነት ግሮሰሪ ውስጥ ቢራ 20 ብር ገደማ ነበር። አሁን አራት እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። የወንድሜ ጎረቤት በረንዳው ላይ ተቀምጦ በንዴት እንዲህ አለኝ፦ «ፋብሪካው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው እኮ! የትራንስፖርት እንዳይሉን እንኳ።» እውነቱን ነው፤ ሄኒከን በ2007 ያስመረቀው ትልቁ የቢራ ፋብሪካ ያለው ቂሊንጦ ነው። ሳጥን የጫኑ መኪኖች በየቀኑ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ።

ግን ቅርብ መጠመቁ ወጪውን ሁሉ የአገር ውስጥ አያደርገውም። ብቅሉን በተመለከተ ነገሩ ተሻሽሏል። ከአሰላና ከጎንደር ብቅል ፋብሪካዎች ሌላ ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ላይ አዳዲስ ስለተከፈቱ፣ ድሮ በዶላር ይገባ ከነበረው ብዙው አሁን ከገበሬያችን ገብስ ይሠራል። ሆፕስ የሚባለው፣ ለፋብሪካ ቢራ የጌሾን ሥራ የሚሠራው ተክል ግን ዛሬም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ የማሽን መለዋወጫውም እንደዚሁ። ታዲያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅም ድጎማው ሲነሳ ዋጋው እየጨመረ መጣ። ግብርም አለ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቀድሞ በማምረቻ ወጪ ላይ ይሰላ የነበረውን ግብር በፋብሪካው መሸጫ ዋጋ ላይ እንዲሰላ አደረገው። ከዚያ በላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል። ፋብሪካዎቹም ጥቂት እጅ ውስጥ እየገቡ ነው፤ ሐረርና በደሌን ሄኒከን ገዛ፣ የሰበታው ሜታ አቦ መጀመሪያ ለእንግሊዙ የመጠጥ ኩባንያ ለዲያጆ፣ ከዚያ በ2014 ጊዮርጊስን ለሚጠምቀው ቢጂአይ ተሸጠ። ተፎካካሪ ሲቀንስ ለጠጪው አይበጅም ብዬ አምናለሁ።

እስከ ግሮሰሪው በር ድረስ ያለው ጭማሪ እንግዲህ፣ ቢያናድድም፣ ምክንያት አለው። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ለሠርጉ ቢራ ስንገዛ ወንድሜን ተከትዬ አከፋፋይ ጋ ሄጄ ነበር። ባለ 24 ጠርሙሱ ሳጥን 1,440 ብር፣ ማለትም አንዱ 60 ብር። ግሮሰሪዋ 80 ትሸጣለች፤ ኪራይ፣ መብራትና የልጅቷ ደሞዝ ስላለ ያስኬዳል። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሥጋ ቤት 110 ነው። እዚያ ቁርጡ ግሩም ነው፣ አዋዜው ጠረጴዛ ላይ እስኪያልቅ ይጨመራል፣ እጅ መታጠቢያው ንጹሕ ነው፣ ሂሳቡም በደረሰኝ ነው። 110ሩን ያለ ቅሬታ ከፍያለሁ።

ጃምቦው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። የዚሁ ሥጋ ቤት ድራፍት ዋጋው ከጠርሙሱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ብርጭቆው ግን አረፋው ሲሶውን ይዞ ነው የሚመጣው። ብርጭቆው ላይ የመጠን መስመር የለውም። በምኖርበት አገር ድራፍት የሚቀዳበት ብርጭቆ መስመርና ቁጥር አለው፤ ቢራው መስመሩ ጋ ካልደረሰ ይሞላልሃል። እዚህ ግን ስንት እንደጠጣህ የምታውቅበት መንገድ የለም፣ ስለዚህ ዋጋው ሳይነካ መጠኑ ሊቀንስ ይችላል። አረፋው እስኪወርድ ጠብቄ «ትንሽ ጨምሪልኝ እህቴ» ስላት ያለማንገራገር ጨመረችልኝ። መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ላውንጁ። ስሙን አልጽፍም። አዲስ ሕንፃ ላይ ያለ፣ ማታ ማታ ሙዚቃ የሚጫወትበት ቤት ነው። ሜኑ ጠየቅን፤ «ብራዘር፣ ሜኑ እየታተመ ነው፣ የፈለጋችሁትን ንገሩኝ» ተባልን። ቢራዎቹ ተከፍተው መጡ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ወዲያው ይነሳል፣ ሳንጠይቅ ሌላ ይመጣል፤ ሙዚቃው ከፍ ያለ ስለሆነ እንቢ ማለትም አይሰማም። ሂሳቡ ሲመጣ አንድ ቢራ 220። ከሥር 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ከዚያ በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት፤ በጠቅላላ አንዱ ቢራ ወደ 280 ብር ተጠጋ። እኛ ከቆጠርነውም የሚበልጥ ጠርሙስ ተመዝግቧል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድም ባዶ ስላልቀረ በምን እንከራከር? ወንድሜ በቴሌብር ከፈለና ዝም ብሎ ተነሳ። ወንድሜ መምህር ነው። ፊቱን ሳየው እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ቤቱ ሙዚቀኛ ይከፍላል፣ ጥበቃ አለው፣ ጄኔሬተር አለው። 220 ይበል፣ 300ም ይበል፣ መብቱ ነው። ግን በሩ ላይ ወይም ሜኑው ላይ ይጻፈው። ይሄ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ማንኛውም ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል። የተለጠፈው ዋጋም ታክስና ሌሎች ሕጋዊ ክፍያዎችን እንዳካተተ ይቆጠራል ይላል። «ዋጋው ቫትን አይጨምርም» የሚለው ከሜኑ ግርጌ በደቃቁ የሚጻፍ ነገር ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚሄድ አይገባኝም። ከፍሪጁ በላይ ወረቀት የለጠፈችው ግሮሰሪ ሕጉን አክብራለች፤ መስታወትና መብራት ያንቆጠቆጠው ላውንጅ አላከበረም።

እኛ ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ይህን ነገር እያባባስን ነው ብዬ አስባለሁ። 280 ብር በዩሮ ሲመነዘር ምንም አይመስልም፣ «ርካሽ ነው» ብለን እንከፍልና ጉርሻ ጨምረን እንወጣለን። ቤቱም ዋጋውን በእኛ ኪስ ይለካል። በማግስቱ ግን እዚያ ሰፈር የሚኖረው ሰው ነው የሚከፍለው። ድሮ በዚህ ግሮሰሪ ሰው በየተራው አንድ ዙር ያዝ ነበር፤ ዛሬ ብዙው የራሱን ብቻ ከፍሎ ይሄዳል፣ ሌላውም እጅ ስላጠረው መምጣቱን ትቷል። «መጋበዝ ካልቻልኩ ምን ልሠራ ልምጣ» ያለኝ አንድ ጡረተኛ አለ። ከሥራ በኋላ ተቀምጦ ጨዋታ የሚደራበት ቦታ ሲጠፋ የሚጎዳው የቢራ ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ የሚነገረው፣ ሥራ የሚፈላለገው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያው በረንዳ ላይ ነበር። አንዳንዱ ወደ ጠላ ተመልሷል፣ እሱ ደግ ነው። ወደ አረቄ የዞሩት ግን ያሳስቡኛል፤ በትንሽ ብር ቶሎ ያሰክራል፣ ምን ያህል እንደሚጎዳም ሁሉም ያውቃል።

ለሠርግ የምትመጡ ካላችሁ አዳራሹንም ጠንቀቅ በሉ። የተከራየነው አዳራሽ ቢራውን ከራሱ ካልገዛችሁ በጠርሙስ ኮርኬጅ፣ ማለትም ከውጭ ለምታስገቡት መጠጥ የሚከፈል ሂሳብ፣ ትከፍላላችሁ አለን፣ ያውም ቀብድ ከተቀበለ በኋላ። እህቴ ግን ጎበዝ ናት፤ «ውሉ ላይ አሳየኝ» ብላ ያዘችው፣ ውሉ ላይ የለም፣ ተወው። መስተንግዶው ራሱ ጥሩ ነበር፣ ልጆቹ ታታሪ ናቸው፣ ቢራውም በረዶ ሆኖ ነው የቀረበው።

ለአከፋፋዩ የባዶ ጠርሙስና የሳጥን መያዣ ትከፍላላችሁ። በማግስቱ ስንመልስ የጎደለውን ቆጥሮ ቀሪውን ወዲያው መለሰልን፤ ደረሰኙን ግን ሳያይ አይሰጥም፣ አትጣሉት።