ሐረርን ከልጆች ጋር፣ ኪስ ሳይጎዳ፦ ለአንዲት የጀጎል አስጎብኚ ምስጋናና ጥቆማ

ቤተሰብ ይዛችሁ ሐረርን ለማየት ላሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ «ከልጆች ጋር ጉብኝት ወጪው አይቻልም» ብላችሁ ለተዋችሁት ይህን ጽፈናል። በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ውስጥ የምትሠራ፣ ፈቃድ ያላት፣ እዚያው ግንብ ውስጥ ተወልዳ ያደገች አስጎብኚ አለች። ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲለጠፍ አትወድም፤ ስለዚህ አንጽፈውም። አሠራሯን ግን በዝርዝር እንናገራለን። እሷን ባታገኙ እንኳ ሌላ አስጎብኚ ስትቀጥሩ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ሐረር ላይ የቤተሰብን ገንዘብ የሚበላው የመግቢያ ክፍያ አይደለም። የሙዚየሞቹ ክፍያ ቀላል ነው፤ ጀጎልን በእግር መዞር ደግሞ በነፃ ነው። ገንዘቡ የሚያልቀው በቅደም ተከተል ጉድለት ነው፤ በሩ ተዘግቶ ትመለሳላችሁ፣ ልጆቹ ዳገት ላይ ደክመው ኮንትራት መኪና ትይዛላችሁ፣ ያመለጣችሁን ለማየት አንድ ሌሊት ትጨምራላችሁ። የዚህች ሴት ሙያ ይህን ብክነት ማስቀረት ነው።

ሥራዋ የሚጀምረው እናንተ ከቤት ሳትወጡ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው የመምጫ ቀናችሁን ነው። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 አካባቢ ከሆነ ለቁልቢ ገብርኤል ካልሆነ በስተቀር ቀኑን እንድትለውጡ ትመክራለች። በእነዚያ ቀናት ከድሬ ዳዋ እስከ ሐረር አልጋ ይጠፋል፣ መንገዱ ይጨናነቃል፣ የትራንስፖርት ዋጋም ይንራል። በረመዳን ከመጣችሁ ጀጎል ውስጥ በቀን ምግብ ቤት ማግኘት ከባድ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ላላቸው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ረመዳን አልፎ የስድስቱ ቀን የሸዋል ጾም ሲያበቃ ግን የሹዋሊድ በዓል ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዜማውና ከበሮው፣ የሴቶቹ አለባበስ ልጆችን አፍ ያስከፍታል። ያኔ ለመምጣት ካሰባችሁ ማደሪያ ቀድማችሁ መያዝ ግድ ነው። አርብን በተመለከተም ምክሯ ቁርጥ ያለ ነው፦ ለጁምዓ ሰላት ሱቁም ሙዚየሙም ረዘም ላለ ሰዓት ይዘጋል፣ ስለዚህ አርብ የመድረሻ ወይም የመመለሻ ቀን ይሁን እንጂ የጉብኝት ቀን አይሁን።

ቀጥሎ የልጆቹን ዕድሜ ትጠይቃለች። መንገዱን የምትመርጥላችሁ በዚያ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሄዳችሁ ከአሰበ ተፈሪ (ጭሮ) በኋላ ያለው የጨርጨር ተራራ ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና የሚያስመልሰው ልጅ እዚያ ላይ ይሠቃያል። ቀለል ያለ ቁርስ፣ ከፊት ያለ መቀመጫና ጥቂት ፌስታል መያዝ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባው የለቡ ጣቢያ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ባቡር ለልጆች ይሻላል፤ አይንጥም፣ ልጆች ተነስተው እግራቸውን ማፍታታት ይችላሉ። ችግሩ በየቀኑ አለመሄዱ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የባቡሩን ቀን አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ማደሪያ ያዙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ገልብጦ ነው። ቲኬት ስትቆርጡም ሆነ ስትሳፈሩ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፍተሻ ስላለ ማልዶ መድረስ፣ ምግብና ውኃም ከቤት መያዝ ነው። የድሬ ዳዋው አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ ከባቡር እንደወረዳችሁ «ሐረር በኮንትራት» የሚላችሁ ሰው ይበዛል። ርካሹ መንገድ ወደ ከተማ ገብቶ የሐረርን ሚኒባስ መያዝ ነው። አምስት ስድስት ከሆናችሁና ሻንጣ ከበዛ ግን ኮንትራቱን ከወንበር ሒሳብ ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ ጠቦ የምታገኙበት ጊዜ አለ።

በአውሮፕላን ለሚመጣ ከውጭ አገር እንግዳ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ የመጣ ሰው ለአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ የድሬ ዳዋውን ቲኬት ለብቻው ከመግዛት በፊት ይህን ጠይቁ።

ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ በሐሮማያና በአወዳይ በኩል ያልፋል። ድሬ ላይ ያላበው ልጅ ሐረር ሲደርስ ይበርደዋል፤ ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለምሽት ሹራብ ያስፈልጋል። መንገዱን በቀን ብርሃን ጨርሱት። አስጎብኚያችን የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ከሾፌሮቹ ጠይቃ በዋዜማው ትልካለች፤ አሳሳቢ ነገር ካለም «አትምጡ» ለማለት አታመነታም። ሥራዋን የሚያሳጣት ምክር መሆኑን ስለምናውቅ ለዚህ ልዩ አክብሮት አለን።

ማደሪያን በተመለከተ ምስጋናችን ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ የሐረሪ እናቶችም ድርሻ አላቸው። ጌ ጋር በሚባለው ባህላዊ ቤት ውስጥ ማደር ከሆቴል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ዋናው ክፍል አምስት መደቦች አሉት፣ ነደባ ይሏቸዋል፤ ምንጣፍና ትራስ ስለሚነጠፍባቸው ልጆች ተጨማሪ አልጋ ሳይከፈልላቸው የሚተኙባቸው ቤቶች አሉ። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያሸበረቀ ነው፤ ማታ ማታ ልጆቹ ሙዚየም ውስጥ ያደሩ ያህል ይሰማቸዋል። ጫማ ደጅ ይወለቃል፤ ከፍ ያለው መደብ የአባወራና የክቡር እንግዳ ስለሆነ ካልተጋበዙ አይወጡበትም።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን አራት ነገር ጠይቁ፦ ሮቶ አለ ወይ፣ መጸዳጃው የጋራ ነው ወይስ የግል፣ ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው ወይ፣ ልጅ ከስንት ዓመት ጀምሮ ይከፈልለታል? የሮቶው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ሐረር የውኃ ችግር የቆየባት ከተማ ነች፤ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት ከሕፃን ጋር አያስቀምጥም። ቁርስ ካልተካተተ በማር የተቀባ ፈጢራ ከሻይ ጋር ለልጅም ለአዋቂም ይበቃል፤ አንዱን ትልቅ ፈጢራ ሁለት ልጆች ይካፈሉታል።

አሁን ወደ ጉብኝቱ። ጀጎል 48 ሄክታር ያህል ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ሥፍራዎች እንዳሉት ተጽፏል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ተዳፋት ነው፣ መሬቱም ድንጋይ ንጣፍና ደረጃ ይበዛበታል። የሕፃን ጋሪ ይዞ መምጣት ትርፉ ድካም ነው፣ አንቀልባ ይዛችሁ ኑ። አብዛኛው ሰው ከታች በር ገብቶ ሽቅብ ሲወጣ ልጆቹ አጋማሽ ላይ ይቀመጡበታል። እሷ የምትጀምረው ከላይ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ትነሳለች፤ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪናዎቹ ሲንቀጠቀጡ እያሳየች፣ ቁልቁል ግድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ ትወርዳለች። እዚያ ሥጋ ተራው ላይ ጭልፊቶች ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ይሄዳሉ። ልጆች ይወዱታል፤ ግን ብስኩትም ሆነ ሳምቡሳ በእጃቸው ይዘው እንዳይቆሙ ታስጠነቅቃለች፣ ጥፍሩ ይቧጭራል። ከዚያ ቁልቁል ወደ ኤረር በር፤ ከበሩ እስከ ማደሪያችሁ ባጃጅ። ዳገቱን የወጣላችሁ ባጃጁ ነው፣ የከፈላችሁትም የአንድ ጉዞ ብቻ።

ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሙዚየሞች በምሳ ምክንያት ይዘጋሉ፤ ልጆችም በፀሐይ ይማረራሉ። ይህን ጊዜ ለምሳና ለእንቅልፍ ትተወዋለች። ሁለት ጉብኝት በግድ ወደ አንድ ረጅም ጠዋት የሚጨምቅ አስጎብኚ የራሱን ሰዓት እንጂ የእናንተን ልጆች አያይም።

ከሰዓት በኋላ ያለው የሙዚየሞቹ ነው። ሁሉንም ማየት አያስፈልግም፤ ከልጆች ጋር ሁለት ይበቃል። በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና የጦር መሣሪያ መጀመሪያ ይታያል። ቀጥሎ የራምቦ ቤት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። እሷ ግን ቤቱን «ራምቦ የኖረበት» ብላ አታስተዋውቅም፣ ለዚያ በቂ ማስረጃ እንደሌለ በግልጽ ትናገራለች። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ከአስጎብኚ ሲገኝ ደስ ይላል። ልጆቹን የምትወስደው የጥንቷን ሐረር ፎቶግራፎች ወዳሉበትና ጣሪያ ጣሪያውን ወደሚያሳየው ፎቅ ነው፤ የሄዱበትን መንገድ ከላይ ሆነው እንዲፈልጉት ታደርጋቸዋለች። በሮቹንም እንዲሁ በጨዋታ ታስቆጥራቸዋለች፦ አምስቱ በሐረሩ ገዥ በአሚር ኑር ዘመን ከተሠራው ግንብ ጋር የኖሩ ናቸው፣ ስድስተኛው፣ መኪና የሚገባበት ሰፊው የሐረር በር፣ ኋላ የተከፈተ ነው።

ጅብ ማብላቱ የሁሉም ልጅ ጉጉት ነው። ከመሸ በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ ይካሄዳል። እዚህ ላይ ሦስት ክፍያ ሊደራረብባችሁ ይችላል፤ ለአብሊው፣ ለሚጠብቃችሁ ባጃጅ፣ ለአስጎብኚው የማታ ሰዓት። እሷ ሦስቱንም በአንድ ቁጥር አስማምታ አስቀድማ ትነግራችኋለች። ባጃጁ ሄዶ እንዲመለስ ሳይሆን ቆሞ እንዲጠብቅ ትዋዋላለች፤ በዚያ ሰዓት መመለሻ ፍለጋ ስለሚያስወድድ። ልጆች በኪሳቸው ምግብ አይዙም፣ አይሮጡም፣ ከአብሊው ጎን ቁጭ ይላሉ እንጂ ከኋላ አይዞሩም። የፈራ ልጅ አይገደድም፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ያያል። ስትደርሱ ሌላ ቡድን ካለ አብራችሁ እዩ፤ ለብቻ ትርዒት መክፈል አያስፈልግም።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግመል ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ጠዋት ካልደረሳችሁ ይበተናል። ትንሽ አለፍ ብሎ በጅጅጋ መንገድ ድንጋዮች አንዱ በአንዱ ላይ የቆሙበት ሸለቆ አለ፤ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማየት ይቻላል። ለቤት የሚወሰደው ኦቾሎኒ እዚያ ይገዛ። የባቢሌን ዝሆኖች ግን ከልጆች ጋር በትንሽ በጀት አትሞክሩ። ጠንካራ መኪናና ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ዝሆኖቹም በዕድል ነው የሚታዩት። ይህንንም የነገረችን እሷ ነች፣ ብትወስደን የሁለት ቀን ክፍያ የምታገኝበትን ጉዞ።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአስጎብኚ ዋጋ በቀን ለቡድን እንጂ በሰው አይደለም፤ ስለዚህ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ከተጣመራችሁ ድርሻችሁ በግማሽ ይቀንሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓቱን፣ ምን እንደሚያካትትና እንደማያካትት ተነጋገሩ። እሷ በወረቀት በሁለት ረድፍ ትጽፈዋለች፦ አንዱ ለእሷ የሚከፈለው፣ ሌላው እናንተ በየበሩ በእጃችሁ የምትከፍሉት። ዝርዝር ብር ያዙ፣ መልስ የሚጠፋበት በር ብዙ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ «ላሳያችሁ» ብለው የሚከተሉ ልጆች አሉ፤ ፈቃድ የላቸውም፣ ስፌት ወደሚሸጥበት ቤት ሲወስዷችሁ ኮሚሽናቸው የሚጨመረው በእናንተ ዋጋ ላይ ነው። እሷ ስፌቱን ከሠሩት ሴቶች ቤት ትወስዳችሁና ዋጋው እንዴት እንደሚለያይ፣ ስፌቱ ደቅቆ ሲጠብቅ ለምን እንደሚወደድ አስረድታ ወደ ኋላ ትላለች። ሽያጭ ላይ አፏን አታስገባም።

አላህ ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ። ዳገቱን በትዕግሥት ያመላለሰን የባጃጅ ሾፌርና ቁርሳችንን ማልደው ያደረሱልን የቤቱ እመቤትም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

እንደ እሷ ያለውን ለማግኘት የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ «ከልጆች ጋር የሚሠራ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያውን ሳታዩ አትነሱ። በመጀመሪያው መልእክታችሁ የሰውን ብዛት፣ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ፣ የምትደርሱበትን ሰዓትና በምን እንደምትመጡ፣ የማትበሉትን ምግብ፣ በቀን ልታወጡ የምትችሉትን ብር ሳታፍሩ ጻፉ። የብሩን ልክ ከመጀመሪያው የነገራችኋት እንደሆነ ዕቅዱን በዚያ ልክ ትሠራዋለች፤ ከተደበቀባት ግን የምትገምተው ከእናንተ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።