ናርካን፦ 4 ሚሊግራሙ ይበቃል

ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ናርካን ኦፒዮይድ (እንደ ሄሮይን፣ ፈንታኒልና ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ያለ ዕፅ) ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ከሞት ለማትረፍ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ነው። የኛ ሰው ናርካን ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በቀደም አንዲት እናት ወረፋው እስኪያልቅ ጥግ ይዘው ቆዩና "ልጄ፣ ያቺ በአፍንጫ የምትሰጠው መድኃኒት አለቻችሁ?" አሉኝ። ምን ያሳፍራል? በየመንገዱ የሚሸጠው የውሸት ኪኒን ፈንታኒል ተቀላቅሎበት ስንት ልጅ እየበላ ነው። ጎረምሳ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን መድኃኒት ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ናርካን ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት መርጫ አለ፤ በእያንዳንዱ 4 ሚሊግራም ናሎክሶን፣ ማለትም የናርካን ዋናው መድኃኒት። መድኃኒቱ ኦፒዮይዱን ከአንጎል ላይ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ የተዳከመው ትንፋሽም ይመለሳል። አጠቃቀሙን ወድጄዋለሁ። ሰውየውን በጀርባው ታስተኛላችሁ። ጣቶቻችሁ አፍንጫውን እስኪነኩ ድረስ ጫፉን አስገብታችሁ፣ ከታች በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ነው። ደግሞ ይሠራ እንደሆን ልየው ብላችሁ አየር ላይ እንዳትሞክሩት! አንዱ መርጫ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው 911 ደውሉ። በ2 ወይም 3 ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ፣ ሁለተኛውን በሌላኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ስጡት።

"ጠንከር ያለው አይሻልም?" የሚለኝ ብዙ ነው። 8 ሚሊግራም የሆነ አለ። የኒው ዮርክ ስቴት ፖሊሶች ሁለቱንም ሲሰጡ ቆይተው ውጤቱ በ2024 ወጥቷል። በሕይወት የተረፉት ሰዎች መጠን ያው ነው። ማስታወክን ጨምሮ ሱስ ድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ስቃይ ግን በ8ቱ 37.6 በመቶ፣ በ4ቱ 19.4 በመቶ ሆኗል። ታዲያ ሰውን በከንቱ ለምን እናሠቃይ? በ2023 የተፈቀደው ናልሜፊን የሚባለው አዲሱ መርጫም ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ስቃዩም አብሮ ሊረዝም ይችላል። እኔ የምመክረው 4ቱን ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ኦፒዮይዱ ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል ሰውየው ነቃ ብላችሁ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። አምቡላንስ እስኪመጣ በጎኑ አስተኝታችሁ አጠገቡ ሁኑ። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ላይ አይሠራም። ኦፒዮይድ ያልወሰደ ሰው ቢሰጠው ግን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ ስጡ።

ዋጋው ያናድደኛል። ያለ ማዘዣ መሸጥ ሲጀምር ወደ 45 ዶላር ነበር፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ግን ሳትገዙ በፊት የአካባቢያችሁን ጤና ቢሮ ጠይቁ። ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ እዚህ ቨርጂኒያም በነጻ የሚሰጡ አሉ።