ሁለተኛ ዲሽ አሰቅዬ ናይልሳትን መለስኩት፣ ብሩን አወጣ ወይ?

ኢትዮሳት የመጣ ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ዲሹን ከናይልሳት ወደሱ ያላዞረ አልነበረም፣ እኛም አዞርን። የሀገር ውስጥ ቻናል ጥርት ብሎ ገባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው፣ እኔ ግን ሳምንት ሳይሞላ ሪሞቱን ይዤ ላይ ታች ስል አንድ ነገር እንደጎደለኝ ገባኝ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው፣ የአረብና የውጭ ቻናሎቹ ያሉበት ናይልሳት ደግሞ 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ወደ አንዱ ስትዞር ለሌላው ጀርባህን ሰጠህ ማለት ነው፣ በአንድ ሳህን ሁለቱንም ልያዝ ብትል አይሆንም። ይኸው ስንት ዓመት ቆይቼ ዘንድሮ ነው በቃ ብዬ ሁለተኛ ያሰቀልኩት።

ስለ ሠራተኛው ብዙ ባላወራ ደስ ይለኛል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «አሁንስ? አሁንስ?» ሲል እኔ ከሳሎን «ገባ! ኧረ ጠፋ!» እያልኩ ስጮህ አንድ ሰዓት ሄደ፣ በመጨረሻ ገባልንና ሂሳቡን ተቀብሎ እብስ አለ። በሦስተኛው ቀን ንፋስ መጣ፣ ኖ ሲግናል። ብደውል ብደውል አያነሳም። ራሴ ወጥቼ ሳይ ለካ ብሎኑን በጣቱ ነው አዙሮ የተወው፣ በመፍቻ አላጠበቀውም! ስለዚህ ብሎኑን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጋችሁ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ፣ ምክሬ ነው።

ወደ ቻናሎቹ ልግባ። አሜሪካን ፊልም ለሚፈልግ ኤምቢሲ ቱ አለ፣ በፈረንጆቹ 2003 ከጀመረ ጀምሮ ግማሹ ሰፈራችን እንግሊዝኛ የለመደው ከሱ ነው፣ ስለሱ ለሀበሻ ማውራት ትርፉ ድካም ነው። እኔን ብር ያስወጣኝ የፈረንሳይኛው ቻናል ቲቪ ፋይቭ ሞንድ ነው። ስሙ ላይ ያለችው አምስት በፈረንጆቹ 1984 ሲጀመር ከፈረንሳይ፣ ከቤልጂየምና ከስዊዘርላንድ አምስት ጣቢያዎች ተሰባስበው ስለመሠረቱት ነው፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ የካናዳ ግዛት የኬቤክ ሰዎች ከዛ በኋላ ገቡ፣ ለዛ ነው ዛሬ ፓሪስ ካፌ ውስጥ የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት አይታችሁ ነገ በረዶ የዋጠው የካናዳ መንደር የምታገኙት።

ችግሩ ናይልሳት ላይ የሚገባው ለአረቡ ዓለም የተዘጋጀው ነው። ሰውየው በፈረንሳይኛ ያወራል፣ ከስር በአረብኛ ይጻፋል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልችልም 😂 መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ቅዳሜ የፈረንሳዩ ኮሜዲያን የሉዊ ደ ፊኔስ የድሮ ኮሜዲ ገጥሞኝ ቡና እየተፈላ እማዬ ዞር ብላ አየችው። ሰውየው ሲናደድ ቅንድቡ፣ አፍንጫው፣ ጉንጩ ሁሉም ለየብቻው ነው የሚናደደው፣ አለቃው ሲመጣ ደግሞ በአንዴ ማር ይሆናል። እማዬ ጀበናውን እንደያዘች «የድሮ ቀበሌያችንን ሊቀመንበር ቁርጥ!» ብላ እስክታነባ ሳቀች፣ ቡናው ገነፈለ። ስሙን እስከዛሬ አታውቅም፣ «ያ ሊቀመንበሩ የለም ዛሬ?» ነው የምትለኝ።

ሌላው የሞሪታኒያዊው ዳይሬክተር የአብዱራህማን ሲሳኮ «ቲምቡክቱ» የሚለው ፊልም ነው፣ በፈረንጆቹ 2015 የፈረንሳዮቹን የፊልም ሽልማት ሴዛርን ሰባቱን ጠራርጎ የወሰደው። ታጣቂዎች የማሊዋን ከተማ ቲምቡክቱን ይዘው ኳስ መጫወት ከልክለዋል፣ ልጆቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፣ ማሊያ ለብሰው ያለ ኳስ ይጫወታሉ። ይሮጣሉ፣ ያቀብላሉ፣ ጎል ይገባል፣ ይደሰታሉ፣ ኳስ ግን የለም! ታጣቂዎቹ በሞተር ብቅ ሲሉ ቀጥ ብለው ስፖርት የሚሠሩ ይመስላሉ። በጨርቅ ኳስ ላደገ ሰው ይሄ ምን ትርጉም ያስፈልገዋል? ቃና በ2008 ዓ.ም. መጥቶ የቱርክን ድራማ በአማርኛ ሲያሰማን ሁላችንም ወደነዋል፣ እኔም ጭምር፣ ግን የተዋናዩ የራሱ ድምፅ ሲጠፋ የሆነ ነገር አብሮ ይሄዳል፣ ለዛ ነው ሳይገባኝም ቢሆን ኦሪጅናሉን የምመርጠው።

ሙዚቃ ላይ ደግሞ የአረብ ክሊፕ ከሚያጎርፉት ቻናሎች ይልቅ ድሮ ልቤን የወሰደው የሱዳኑ ብሉ ናይል ነበር። ረመዳን በመጣ ቁጥር አጋኒ ወ አጋኒ የሚል ፕሮግራም ነበራቸው፣ አል ሲር ጋዱር የሚባሉ ሽማግሌ ገጣሚ መሀል ቁጭ ብለው የዘፈኑን ታሪክ እያወሩ ይስቃሉ፣ ወጣት ዘፋኞቹ ዙሪያቸውን ተደርድረው በቫዮሊን የድሮውን ያነሱታል። የሱዳን ዘፈን እንደኛ ትዝታ በአምስት ኖታ ስለሚሄድ ቃሉ ባይገባህም ዜማው ወዴት እንደሚታጠፍ ቀድመህ ታውቀዋለህ። አባቴ መሐመድ ዋርዲ በፈረንጆቹ 1994 አዲስ አበባ ስታዲየም ሲዘፍን ነበርኩ ብሎ እስኪሞት አውርቶ አልጠገበም፣ ያንን ፕሮግራም አብረን ነበር የምናየው። ጋዱርም በ2022 አረፉ፣ በዓመቱ ደግሞ ካርቱምና ኦምዱርማን የጦር ሜዳ ሆኑ። አዲሱን ዲሽ እንዳስገባሁ መጀመሪያ የፈለግኩት ብሉ ናይልን ነው፣ የድሮው ወግ ግን በቦታው አልጠበቀኝም።

ኤምቢሲ ቦሊውድን በተመለከተ፣ ሻሩክ ካን አረብኛ ሲያወራ መስማት ለአንድ ቀን ያስቃል ከዛ ይሰለቻል፣ ዘፈኑን ግን በሂንዲ ስለሚተዉት እሱ ሲመጣ ድምፅ ጨምሩ። ሲኒማ ራስ ተሰልፎ የህንድ ፊልም ያየ ሰው ይገባዋል።

ብሩን አወጣ ወይ? ለኔ አዎ፣ በየወሩ የሚከፈል ነገር የለውም። ቤታችሁ ኢንተርኔት በደንብ የሚሠራና የምትፈልጉትን ፊልም በስሙ የምታውቁ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም፣ ይሄ ምን እንደሚፈልግ ለማያውቅ ሰው ነው። የፕሮግራም ሰዓት መከታተል ከባድ ነው፣ ግማሹን ፊልም ከመሀሉ ነው የምጀምረው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ ሲጠና ምስሉ ድብልቅልቁ ይወጣና ጥሩው ቦታ ላይ ይቆማል። አሁንም ሰማዩ ጠቁሯል፣ እማዬ ሊቀመንበሩን እያየች ነው፣ ወጥቼ ብሎኑን ልየው።