የመጋቢት ማለዳ በዋሽንግተን፦ ታይዳል ቤዚን ወይስ አርቦሬተም?

የዲሲ ብርድ ላላ ሲል ለእግር ጉዞ ሁለት ቦታ ይታወሰኛል።

ታይዳል ቤዚን የሚባለው ኩሬ በቼሪ አበባው የታወቀ ነው። ቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ 3,000 የሚጠጉ ዛፎች ለከተማዋ በስጦታ ላከች፤ በውኃው ዙሪያ የምናየው ነጭና ፈዛዛ ሮዝ አበባ መነሻው ይኸው ነው። ብዙውን ጊዜ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ይፈካል፤ ነፋስና ዝናብ ከመጣበት በቀናት ውስጥ ይረግፋል። ከስሚዝሶኒያን የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ሕዝቡ ግን ብዙ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት የሕፃን ጋሪ መግፋት ጭንቅ ነው። ጎህ ሲቀድ ሂዱ።

ብሔራዊ አርቦሬተም የሚባለው የዛፎች መናፈሻ ሰፊ ነው፤ 446 ኤከር። መግቢያውም መኪና ማቆሚያውም ነፃ ነው፤ ባቡር ግን አጠገቡ አያደርስም። ማግኖሊያው ከቼሪው ይቀድማል፤ ቅጠል ሳያወጣ በባዶ ቅርንጫፍ ላይ ሲኒ የሚያህል አበባ ያወጣል። ውርጭ ካገኘው ባንድ ሌሊት ይጠቁራል፣ ያሳዝናል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ ግን እዚያው ያለው የቦንሳይ፣ ማለትም በሸክላ ውስጥ እየተገረዙ በድንክነት የሚያድጉ ዛፎች፣ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገረዝና ሲኮተኮት የኖረ የፓይን ዛፍ በሸክላ ውስጥ ቆሟል። የሂሮሺማን ቦምብ ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1976 ከጃፓን ለአሜሪካ ተበረከተ። ይህን ታሪክ ሳላውቅ ሁለት ጊዜ አልፌው ነበር፤ አሁን ፊቱ ዝም ብዬ እቆማለሁ።

ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ካላችሁ ታይዳል ቤዚን ይቅደም፤ እንዲህ ያለ ውበት ሊያመልጠው አይገባም። ለራሴ ግን አርቦሬተምን እመርጣለሁ፣ በተለይ እናቴን ይዤ በዝግታ ስራመድ።