ለ1965 እና ለ1966 ሙስታንግ የትኛው የኋላ አክስል፣ የትኛውስ ፍሬን ይሻላል?

እ.ኤ.አ. በ1965 ወይም በ1966 የተሠራ ፎርድ ሙስታንግ ያለው ሰው የኋላ አክስሉንና ፍሬኑን ለመቀየር ሲያስብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ምርጫዎች ይቀርቡለታል። እነሱም የፋብሪካውን ባለ 8 ኢንች አክስል አድሶ መያዝ፣ ከአሮጌ ፎርድ ኤክስፕሎረር ባለ 8.8 ኢንቹን ፈትቶ ማስገባት፣ ወይም በመኪናው ልክ የተሠራ አዲስ ባለ 9 ኢንች መግዛት ናቸው። ቁጥሮቹ የኮሮናውን፣ ማለትም አክስሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርሳም ቀለበት፣ ስፋት ስለሚያመለክቱ ገዢው ትልቁ ቁጥር ይሻላል ብሎ መነሣቱ አይገርምም። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ሞተሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪናው ከፋብሪካ የወጣው በስድስት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ የኋላ አክስሉ ባለ 7.25 ኢንች፣ ጎማው የሚታሰረውም በአራት ቡሎን ነው። ስምንት ሲሊንደር ሞተር የገባለት ሰው ይህን አክስል መቀየሩ ግድ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱም ባለ አምስት ቡሎን ስለሆኑ የፊት ጎማው የሚታሰርበት ማቀፊያም፣ ቸርኬዎቹም አብረው ይቀየራሉ።

የፋብሪካው ስምንት ሲሊንደር 289 ሞተር (ቁጥሩ በኪዩቢክ ኢንች መጠኑ ነው) ላለውና በተራ ጎማ መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ባለ 8 ኢንቹ በቂ ነው። ኮሮናውና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ከነመያዣው በፊት በኩል ተፈትቶ ስለሚወጣ፣ የማርሽ ንጽጽሩን (ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) መቀየር ወይም ኩሽኔታ ማደስ ለቶርኖ ቤትም ለባለቤቱም ቀላል ሥራ ነው። ባለ 10 ኢንቹ ታምቡርም ሸራው ጥሩ ከሆነና በአግባቡ ከተስተካከለ ለዕለት ተዕለት መንዳት አያንስም፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ከኋላ ጎማ የሚጠበቀው ሥራ ትንሽ ነውና። ስለዚህ ለፍሬን የተያዘው ገንዘብ አስቀድሞ ለፊት ዲስክና የፔዳሉን ግፊት ወደ ጎማዎቹ ለሚልከው ዋና ፖምፓ ቢውል እመርጣለሁ። እስከ 1966 የተሠሩት ሙስታንጎች ፖምፓ ባለ አንድ ክፍል በመሆኑ፣ አንዲት የፍሬን ዘይት ቱቦ ከፈነዳች ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። ፎርድ የፊቱንና የኋላውን የሚለይ ባለ ሁለት ክፍል ፖምፓ ያስገባው ከ1967 ጀምሮ ነው። የኋላ ዲስክ ገዝቶ አሮጌውን ፖምፓ መተው በፍጹም አይገባም።

የኤክስፕሎረሩ አክስል በዋጋው ይስባል። ከ1995 እስከ 2001 በተሠሩት ላይ ከነዲስክ ፍሬኑ ይገኛል፤ የጎማው ዘንግ 31 ጥርስ አለው፤ የቡሎኖቹ አቀማመጥም ከስምንት ሲሊንደሩ ሙስታንግ ጋር አንድ ነው። አሮጌ መኪና በሚፈታበት ግቢ ውስጥ ከአክስሉ ክዳን ቡሎን ጋር የታሰረችውን ትንሽ ቆርቆሮ በብረት ብሩሽ ጠርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በ3 እና በ73 መካከል ኤል የሚል ፊደል ካለ፣ ዲፈረንሻሉ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለሌላውም ኃይል የሚያካፍል ዓይነት ነው። ይሁንና 3.73 የማርሽ ንጽጽር ለሁሉም ሰው አይሆንም። የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ በሆነ ካምቢዮ፣ ቁመቱ 25 ኢንች በሆነ ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በ3.00 በደቂቃ ወደ 2500 ጊዜ የሚዞረው ሞተር በ3.73 ወደ 3100 ከፍ ይላል፤ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጩኸቱንም የነዳጅ ወጪውንም ያውቀዋል።

ከዚያ ሥራው ይመጣል። ይህ አክስል 59.6 ኢንች ገደማ ሲሰፋ የሙስታንጉ 57.25 ነው፤ ፒኞኑም መሃል ላይ አይደለም። የተለመደው መፍትሔ ረጅሙን ጎን 3 ኢንች ገደማ ቆርጦ ከሌላ ኤክስፕሎረር የተፈታ አጭር ዘንግ ማስገባት ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ሁለቱም ጎኖች እኩል ይሆናሉ። የባሌስትራው መቀመጫ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል፤ ክብ የሆነው የፒኞን ማሰሪያም ከሙስታንጉ ክሮቼራ (የማዞሪያ ዘንጉ መታጠፊያ) ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ይፈልጋል። የእጅ ፍሬኑ በዲስኩ መሃል ባለች ትንሽ ታምቡር ስለሚሠራ ገመዱ እንደገና መለካት አለበት፤ ባለ 14 ኢንቹ የፋብሪካ ቸርኬም ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል። ብየዳ በራሱ ለማይችል ሰው ርካሹ አክስል በመጨረሻ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

አዲስ ባለ 9 ኢንች ከሦስቱ በዋጋም በክብደትም ይበልጣል። ፎርድ ከ1957 ጀምሮ የተጠቀመበት፣ 271 የፈረስ ጉልበት ለነበረው 289 ሙስታንግም ራሱ የመረጠው ነው። ዘንጉን ጫፍ ላይ ያለው ኩሽኔታ ስለሚይዘው ዘንጉ ቢሰበርም ጎማው ይዞት አይወጣም፤ በ8.8ቱ ግን ዘንጉን የምትይዘው ውስጥ ያለች ትንሽ ቅንጥብ ብቻ ናት። በሌላ በኩል ፒኞኑ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ጥርሶቹ ይበልጥ ይፋተጋሉ፤ ከኃይሉም ጥቂቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጣም የተጠናከረ ሞተርና ሰፊ ጎማ ለሌለው ሰው አልመክረውም።

የኋላ ዲስክ የሚያስገባ ሰው በታምቡሩ መስመር ላይ ግፊት አስቀርቶ የሚይዘውን ቫልቭ ማስወጣት አለበት፤ አለበለዚያ ሸራው ዲስኩን እየነካ ይግላል። ወደ ኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን፣ በእጅ የሚስተካከል ቫልቭም ያስፈልጋል፤ ኋላው ከፊቱ ቀድሞ ከያዘ መኪናው ይዞራል።

የባሌስትራው መቀመጫ የሚበየደው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱ በባሌስትራው ላይ አርፎ፣ የፒኞኑ አንግል ከተለካ በኋላ ነው። የእኔን መኪና አንድ ጋራዥ በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ እንደተንጠለጠለ በየደው፤ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ወለሉ በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። መቀመጫዎቹ ተቆርጠው በሦስት ዲግሪ ልዩነት እንደገና እስኪበየዱ ድረስ ሁለት ክሮቼራ ጨርሻለሁ።