ማን ልበል? የእህል ቤታችን የኢንተርኔት ስልክ ከስምንት ወር በኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ እየገዛን የምናከፋፍል ቤት ነን። ስልክ ለእኛ እንደ ሚዛን ነው፤ ከተበላሸ ሥራ የለም። ከስምንት ወር በፊት ቢሮውን፣ መጋዘኑንና የጥበቃ ቤቱን በአንድ የኢንተርኔት ስልክ ሲስተም አገናኘን። ጥሪውን የሚያስተላልፈው ሶፍትዌር አስቴሪስክ ነው፣ የምናስተካክለው ፍሪፒቢኤክስ በሚባል ገጽ በኩል ነው፣ ሁለቱንም በነፃ አውርዶ መጫን ይቻላል። ለሰርቨርነት አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ በቅቶናል። መደበኛው የስልክ መስመራችን ደግሞ ጌትዌይ በምትባል፣ ጥሪውን ወደ ኢንተርኔት ስልክ በምትቀይር ትንሽ ሳጥን በኩል ገብቶ ከሲስተሙ ጋር ይገናኛል።

ሲስተሙን ያስገባነው የማጭበርበሪያ ጥሪ ስላስመረረን ነው። አንድ ቀን ገንዘብ ያዣችን «ከባንክ ነው» ለሚል ሰው በሞባይሏ የገባላትን የሚስጥር ቁጥር ስታነብለት ደረስኩ። ሦስተኛው አሃዝ ላይ ነው እጄታውን የተቀበልኳት። ለምን አመንሽው ስላት ስክሪኑን አሳየችኝ፤ በ058 የሚጀምር ቁጥር ነው፣ የአገራችን ቁጥር። ምን ታድርግ!

ሲስተሙ የገባ ሰሞን ግን ነገሩ ባሰ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጥበቃ ቤቱ ስልክ ይጮሃል። ጥበቃችን ጋሼ ያነሳሉ፣ ማንም የለም። ስክሪኑ ላይ 100 ይላል። ትንሽ ቆይቶ 1001። እንዲህ ያለ የስልክ ቁጥር ደግሞ የለም። ሦስት ሌሊት እንዲህ ሆኖ በአራተኛው ጋሼ ስልኩን ከግድግዳው ነቅለው ጠበቁኝ፣ እኔም አልፈረድኩባቸውም። ኋላ እንደተረዳሁት ደዋዩ ሰው አይደለም። ኢንተርኔቱን እያሰሱ ክፍት የስልክ ሲስተም የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ካገኙ በሰው ሒሳብ ውጭ አገር ይደውሉበታል። ሲስተሙን ያስገባው ሰው የኢንተርኔት ስልክ ጥሪ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 5060ን፣ ራውተሩ ላይ ክፍት ትቶት ስለሄደ ጥሪው በስልክ መስመራችን ሳያልፍ፣ ሰርቨሩንም ሳይነካ ቀጥታ ቀፎው ላይ ይወድቅ ነበር። ቁጥሩ የፈጠራ ስለሆነ ጥቁር መዝገብ (የታገዱ ቁጥሮች ዝርዝር) ውስጥ ብታስገቡት ምንም አይፈይድም። መፍትሔው ፖርቱን መዝጋት፣ ቀፎዎቹ ከሰርቨሩ ውጭ ከማንም ጥሪ እንዳይቀበሉ ማድረግ፣ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ደጋግሞ የሚሞክረውን አድራሻ በራሱ የሚያግደውን ፌይልቱባን ማብራት ነው። ይህ በተደረገ ማታ ዝም አለ፣ እስካሁንም ዝም እንዳለ ነው። ሲስተም የሚያስገባላችሁን ሰው ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁት።

ወደ ጥሪ ማጣሪያው ልምጣ። ጥቁር መዝገቡ ቀላል ነው፤ አጭበርባሪ ደውሎ ሲዘጋ ኮከብ 32 ትደውላላችሁ፣ የመጨረሻው ደዋይ ይታገዳል። ቁጥሩን ራሳችሁ ለማስገባት ኮከብ 30፣ ለማውጣት ኮከብ 31። ይሠራል፣ ግን ሰውየው ነገ በሌላ ሲም ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የተመከርነው የማናውቀውን ቁጥር በሙሉ እንድንዘጋ ነበር። አደረግነው። በሦስተኛው ቀን የቢቸና ደንበኛችን 20 ኩንታል ነጭ ጤፍ ለሌላ ሰው ሸጡ። ስልካቸው ባትሪ ዘግቶ በልጃቸው ስልክ ሁለት ጊዜ ሞክረውናል፣ ሲስተሙ መልሷቸዋል። «ደወልኩ፣ አልፈለጋችሁኝም» አሉኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። በእኛ አገር ገበሬ በጎረቤት ስልክ ይደውላል፣ በሾፌር ስልክ ይደውላል፣ ገበያ ላይ ከጎኑ የቆመውን ሰው «እስኪ አንዴ» ብሎ ይደውላል። የማይታወቅ ቁጥር ማለት የማይታወቅ ሰው ማለት አይደለም። የማያውቁትን ዝጋ የሚለው ምክር ለከተማ ቢሮ ይስማማ ይሆናል፤ እህል የሚገዛ ሰው ግን እንዳይሞክረው።

በምትኩ ያደረግነው የታወቁ ደንበኞችን ቁጥር ቀጥታ ማሳለፍ፣ ሌላውን ደግሞ በድምፅ «1ን ይጫኑ» ብሎ መጠየቅ ነው። አውቶማቲክ ጥሪ 1ን አይጫንም፣ አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚዘጋውም እኛ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ነገር ግን እዚህም ላይ አንድ ነገር አልታየንም ነበር። የመጀመሪያውን ድምፅ ያስቀረፅነው በጥሩ አንባቢ ሴት ልጅ ነው፣ ጥርት ያለ የሬዲዮ አማርኛ። ደንበኞች ድምፁን ሲሰሙ ወዲያው ይዘጉታል። ለካ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለው የቴሌ መልእክት መስሏቸው ነው! ስለዚህ ጋሼን አስቀረፅናቸው፦ «እንደምን ዋላችሁ፣ እህል ቤት ነው፣ 1ን ንኩና እናነሳለን።» ከዚያ ወዲህ የሚዘጋ ሰው በጣም ቀነሰ። ለእኔ የዚህ ሲስተም ትልቁ ሀብት ይኼ ነው፤ ድምፁን እንደ አገሬው አድርጎ መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ስተር/ሼክን ስለሚባለው የደዋይ ማንነት ማረጋገጫ። አንድ ሻጭ «ሲስተሙ ስተር/ሼክን አለው፣ የውሸት ቁጥር አይገባም» ብሎኝ ነበር። አስቴሪስክ ከስሪት 18 ጀምሮ አለው፣ ይህ እውነት ነው። አሠራሩም ጥሩ ነው። ጥሪው የሚነሳበት የስልክ ድርጅት በራሱ ሰርተፍኬት ጥሪውን ይፈርምበታል፣ ተቀባዩ ድርጅት ፊርማውን ያጣራል። ፊርማው ሦስት ደረጃ አለው፤ ኤ ማለት ደንበኛውንም ቁጥሩንም አውቃለሁ፣ ቢ ማለት ደንበኛውን አውቃለሁ ቁጥሩን ግን አላረጋገጥኩም፣ ሲ ማለት ከሌላ ቦታ ተቀብዬ አሳለፍኩት እንጂ ምንጩን አላውቅም። አሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶቿን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. አስገድዳበታለች። ካናዳም በዚያው ዓመት ተከትላለች።

ፊርማው የሚጓዘው ግን በኢንተርኔት ስልክ መልእክት ውስጥ ነው። ጥሪው በመሀል በአሮጌው ዓይነት መስመር ካለፈ ፊርማው እዚያው ይቀራል። የእኛ ጥሪ በመዳብ ሽቦ ነው ቢሮ የሚገባው፣ ስለዚህ ሲስተማችን የሚያጣራው ፊርማ አያገኝም። ሻጩ ይህን አልነገረኝም። ደግሞም ኤ ያገኘ ጥሪ ቁጥሩ የራሱ ነው ማለት እንጂ ደዋዩ ጨዋ ነው ማለት አይደለም፤ አጭበርባሪም በገዛ ቁጥሩ ከደወለ ኤ ያገኛል።

ስክሪን ላይ ያለ ቁጥር እንደማይታመን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን እኮ። እህቴ ከአሜሪካ ስትደውል ስንት ጊዜ በ09 ገብታለች። የውጭ ጥሪን በኢንተርኔት አሾልከው ሲም ካርድ በታጨቀበት ሳጥን በኩል እንደ አገር ውስጥ ጥሪ የሚለቁ ሰዎች አሉ፣ ሲም ቦክስ የሚባለው ነው። የምናየው ቁጥር የሳጥኑ ሲም እንጂ የእሷ ስልክ አይደለም። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ያንን ቁጥር አግጄው ነበር። በዚያው ሲም የሚመጣው ሌላ ሰው ጥሪም አብሮ ታገደ ማለት ነው። አሁን እንዲህ ያለውን አላግድም።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩም ራውተሩም ይጠፋሉ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል። ሌላ የማማርረው የለም።

ለማጣሪያው ከ5 4 እሰጣለሁ። ለማንነት ማረጋገጫው፣ እዚህ ባለንበት ሁኔታ፣ ምንም አልሰጥም፤ በእሱ ምክንያት ተጨማሪ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ አትክፈሉ። ገንዘብ ያዣችን አሁን ቁጥሩን አታይም። እጄታውን አንስታ «ማን ልበል?» ትላለች፣ ከባንክ ነኝ ካላት ትዘጋና ባንኩ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች። መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው።